ዕቃም ትውልድ ይቈጠርለታል፦ ከኖይቪድ ቁም ሣጥን እስከ ቁስቋም ዘውድ



በአገራችን የርስት ሙግት ተከራካሪው ዳኛ ፊት ቆሞ ትውልዱን ይቈጥር ነበር። ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያለ አቅኚው አባት ላይ ይደርሳል። አንዱ ስም ከጐደለ ርስቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ዛሬ ይህንኑ ሥርዓት ለዕቃ ላውለው እወዳለሁ።

ምሳሌዬን ከጀርመን እጀምራለሁ። በራይን ወንዝ ዳር ባለችው የኖይቪድ ከተማ አብርሃም ሮንትገንና ልጁ ዳዊት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታወቀ የእንጨት ሥራ ቤት ነበራቸው። ቀለም የተነከሩ ስስ የእንጨት ቅጠሎችን ቈርጠው በመግጠም፣ በብሩሽ የተሣለ የሚመስል ሥዕል በቁም ሣጥን ፊት ላይ ያወጡ ነበር። በውስጡም ሰዓት፣ ሙዚቃና በቍልፍ የሚከፈቱ ስውር መሳቢያዎች ይገጥሙለታል።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የገነኑት ሦስት ታላላቅ የጽሕፈት ቁም ሣጥኖች ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1776 ለሎሬኑ ልዑል ለካርል ተሠርቶ ዛሬ በቪየና ይገኛል። ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. በ1779 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ገዙት። ሦስተኛው በዚያው ዘመን ለፕሩሲያው አልጋ ወራሽ፣ ኋላ ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 2ኛ ለተባሉት ደርሶ አሁን በበርሊን ሙዚየም ይታያል። የፈረንሳዩ ግን ዛሬ የለም። ሦስቱም ከአንድ እጅ ወጥተዋል፤ ዕጣቸውን የለየው የጌቶቻቸው ዕድል ነው። የበርሊኑ ተመልካች ሣጥኑን ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንዳሠራውና በማን ቤት እንደ ኖረ ይነገረዋል።

አሁን ወደ እኛው እንመለስ። ከዚህ ከጉለሌ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስንወጣ፣ ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1889 የነገሡባትን የእንጦጦ ማርያምን እናገኛለን። በቤተ ክርስቲያኗ ሙዚየም የነገሥታት አልባሳትና ንዋየ ቅድሳት ተቀምጠዋል። በእኛ ልማድ የመኳንንት ሀብት ከሚያልፍባቸው መንገዶች ዋነኛው ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ስጦታ ነው። ስለዚህ የዕቃችን ትውልድ ብዙ ጊዜ የተጻፈው በብራና ኅዳግ ላይ ነው፤ ሰጪው ማን እንደ ሆነ ይጠቀሳል፣ ዕቃውን የሚሰርቅም ይወገዛል።

የቁስቋምን ዘውድ ተመልከቱ። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ያሠሩት መሆኑ ይነገራል፤ በጎንደር ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ ዘውዱም አብሮ ተጓዘ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠዉ፤ የእንግሊዝ ጦርም አምባውን ዘረፈ። ከዚያ በደላንታ ሜዳ ለሁለት ቀናት ጨረታ ተካሄደ። ዘውዱ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ።

ከሁለቱ ታሪኮች የማየው ልዩነት ይህ ነው። የኖይቪዱ ሣጥን ከገዢ ወደ ወራሽ፣ ከወራሽ ወደ ሕዝብ ቤት አለፈ። የእኛው ሰንሰለት ግን ደላንታ ላይ ተበጠሰ። ጨረታ ለገዢው ደረሰኝ ቢሰጠውም ባለቤቱን አይጠይቅም። ዘውዱ ትውልዱ ስለ ተነገረ የት እንደ ተወሰደ እናውቃለን፤ ስም አልባ ሆነው በየግለሰቡ ቤት የተበተኑትን ግን እንኳን ልናስመልስ፣ ልንጠራቸውም አንችልም።

ይህ ነገር የሩቅ ጉዳይ አይምሰላችሁ። የስድስት ኪሎው ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም ዛሬ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ተማሪዎቼን ወደዚያ ስወስድ አልጋውን አይተው በአድናቆት ያልፋሉ። እኔ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጨምርባቸዋለሁ፦ ማን ሠራው? ማን አመጣው? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ?

በየቤታችሁም የአያት ሣጥን፣ የቅድመ አያት ጋሻ ወይም ብርሌ አይጠፋም። ባለቤቱን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ርስቱን ያጣ ሰው አንድ ስም ረስቶ እንደ ነበር አስታውሱ።