የመኪና ማሳደድ በአሜሪካ ሕግ

የመኪና ማሳደድ፦ ቁም ሲባል አልቆምም ብሎ የሚሸሽን አሽከርካሪ ፖሊስ በከፍተኛ ፍጥነት የሚከታተልበት ተግባር ነው። በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ መነሻው ተራ የትራፊክ ጥሰት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አደጋው ሩጫው ራሱ ይሆናል፤ ከሚሞቱትም መካከል ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቁ እግረኞችና መንገደኞች አሉ።

በ1990 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ፖሊስ አንድ ሞተር ብስክሌት አሳደደ። ሩጫው የቆየው 75 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ሞተሩ ሲወድቅ ከኋላ የተፈናጠጠውን የ16 ዓመት ልጅ የፖሊሱ መኪና ገጭቶ ገደለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 ፖሊሱ ሆን ብሎ ለመጉዳት እስካላሰበ ድረስ ሕገ መንግሥቱን አልጣሰም አለ። ለሟች ቤተሰብ ይህ እጅግ ከባድ መስፈርት ነው።

በ2001 በጆርጂያ ከፍጥነት ወሰን በላይ ሲነዳ የተገኘ የ19 ዓመት ወጣት ሸሸ፤ ፖሊስ መኪናውን ከኋላ ገፍቶ ከመንገድ አስወጣው፤ ወጣቱም እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። በ2007 የዚሁ ፍርድ ቤት ስምንት ዳኞች ለፖሊሱ ፈረዱ። የተቃወሙት ዳኛ ስቲቨንስ ብቻ ነበሩ፤ ታርጋው ተመዝግቦ ስለነበር ወጣቱን በኋላ መያዝ ይቻል እንደነበር ጽፈዋል፤ ክርክራቸውም ሚዛን የሚደፋ ነው።

የሚሸሸው አሽከርካሪ በብዙ ግዛቶች በከባድ ወንጀል ሊከሰስ ይችላል፤ ሰው ከሞተ ቅጣቱ ይከብዳል።