በገጠር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጡ የክረምት አገልግሎቶች

የገጠር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በወረዳ ከተማ ወይም በቀበሌ ማእከል የሚገኝ፣ ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት የሆነ የንባብና የመረጃ አገልግሎት መስጫ ነው። ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በወረዳው የባህል ሥራዎችን በሚመራው ጽሕፈት ቤት ነው። ኅብረተሰቡ ቤቱን አዘጋጅቶ መጻሕፍቱን ድርጅት ያሟላላቸውም አሉ፤ በዚህ ረገድ ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት በልዩ ልዩ ክልሎች ያከናወነው ሥራ ተጠቃሽ ነው። ይህ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍቱ በክረምት ወራት የሚሰጣቸውን አገልግሎቶች፣ ተገልጋዮች ሊያሟሏቸው የሚገቡ ሁኔታዎችንና አገልግሎት ሲጓደል ሊወሰዱ የሚችሉ እርምጃዎችን ይገልጻል።

በዘመን አቆጣጠር ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ነው። የቤተ መጻሕፍት የክረምት መርሐ ግብር ግን የሚከተለው የትምህርት ካላንደርን በመሆኑ፣ ትምህርት ቤቶች ከሚዘጉበት ጊዜ አንሥቶ እስከ አዲሱ ዓመት ትምህርት መጀመሪያ ይዘልቃል። በሶማሌ ክልል፣ በቦረናና በአካባቢያቸው ባሉ ቆላማ ወረዳዎች ዋናው ዝናብ የሚጥለው በጸደይና ከመስከረም በኋላ ስለሆነ፣ እዚያ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ወራት ናቸው። የእነዚህ ወረዳዎች ነዋሪዎች ስለ ዝናብና ስለ አረም ወቅት ከዚህ በታች የተባለውን በየአካባቢያቸው የሥራ ወቅት ተክተው ሊያነቡት ይገባል።

በክረምት የቤተ መጻሕፍት አስፈላጊነት የሚጎላበት ዋናው ምክንያት ቀላል ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ ለተማሪው የሚሰጠው በውሰት ሲሆን፣ በዓመቱ መጨረሻ ተመላሽ ይደረጋል። ስለዚህ በገጠር የሚኖር ተማሪ ትምህርት ቤት ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ እጁ ባዶ ነው፤ በብዙ ቤቶችም ከዚያ ሌላ የሚነበብ ነገር አይገኝም። በሁለት ወር ውስጥ ማንበብ የጀመረ ሕፃን ፊደሉን ይዘነጋል፤ ወደ 8ኛ ወይም ወደ 12ኛ ክፍል የሚያልፈው ተማሪ ደግሞ ለፈተናው ሊዘጋጅበት ይችል የነበረው ጊዜ ያልፈዋል።

አገልግሎት የሚሰጥባቸው ቀናትና ሰዓታት

የቤተ መጻሕፍት ሰዓት ከመሥሪያ ቤት ሰዓት ጋር አንድ ከሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሆናል። ዓርብ የቀትሩ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ይህ ሰዓት ለመንግሥት ሠራተኛ የሚመች ቢሆንም፣ በሐምሌና በነሐሴ ቀኑን ሙሉ በዘር፣ በአረምና በከብት ጥበቃ ተጠምዶ ለሚውል የአርሶ አደር ልጅ አይመችም። አገልግሎቱ በይበልጥ የሚያስፈልገው ልጅ በሩ ክፍት በሆነበት ሰዓት መምጣት የማይችለው ልጅ መሆኑ የክረምት መርሐ ግብር ትልቁ ችግር ነው።

ስለሆነም በርካታ ቤተ መጻሕፍት በክረምት ቅዳሜን ሙሉ ቀን፣ እሑድን ከሰዓት በኋላ ይከፍታሉ። ወላጆች ደግሞ አንድ ጉዳይ ልብ ሊሉ ይገባል። በኦርቶዶክሳውያን አካባቢ አርሶ አደሩ ከእርሻ ሥራ የሚያርፍባቸው ወርኃዊ በዓላት፣ ለምሳሌ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ ለመሥሪያ ቤቶች የሥራ ቀናት ናቸው። በእነዚህ ቀናት ልጁ ከእርሻ ነፃ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱም ክፍት ነው። በሙስሊም አካባቢዎች የዓርብ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል። ከብት በተራ በሚታገድበት ቀበሌም ተራ ያልደረሰው ልጅ የሚመጣበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃልና፣ ወላጆች ይህንኑ ለቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ቢያስረዱ የሕፃናት የንባብ ሰዓትን ከዚያ ጋር ማጣጣም ይቻላል።

በንባብ ክፍል መጠቀም

በንባብ ክፍል ተቀምጦ ለማንበብ ክፍያ አይጠየቅም፤ ዋስም አያስፈልግም። ተገልጋዩ ስሙንና አድራሻውን በመዝገብ አስፍሮ ይገባል፤ መታወቂያ ያለው መታወቂያውን፣ ተማሪ የሆነ የተማሪነት መታወቂያውን ወይም የክፍል ውጤት ካርዱን ማሳየት ይችላል። መታወቂያ ለማውጣት ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ መታወቂያ የለህም ተብሎ ከበር ሊመለስ አይገባም። ጫማውና ልብሱ በጭቃና በዝናብ ቢበላሽም እንዲሁ፤ በደጅ ጆንያ ማንጠፍና እጅ የሚታጠቡበት ውኃ ማዘጋጀት ልጁን ከመመለስ ይሻላል።

በንባብ ክፍሉ በብዛት የሚፈለጉት የመማሪያ መጻሕፍትና የተማሪው መለማመጃዎች ናቸው። የአንዳንዱ ክፍል መጽሐፍ ቁጥሩ አነስተኛ ስለሚሆን፣ ለመጪው ዓመት መዘጋጀት የሚፈልግ ተማሪ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ቢመጣ የተሻለ ዕድል ያገኛል። ትምህርት ሚኒስቴር የመማሪያ መጻሕፍትን በኢንተርኔት ስላቀረበ፣ ኮምፒውተር ያለው ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍቱን አንድ ጊዜ አውርዶ በማስቀመጥ ለተገልጋዮች በፍላሽ ወይም በስልክ ሚሞሪ መገልበጥ ይችላል። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ለሚኖር ተማሪ ይህ አገልግሎት መጽሐፍ ከመዋስ የማይተናነስ ጥቅም አለው።

መጽሐፍ መዋስ

ብዙ ተገልጋዮች የሚሰናከሉት በውሰት አገልግሎት ላይ ነው። አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ለማዋስ ደመወዝተኛ ዋስ ይጠይቃሉ። መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ዘመድ የሌለው ልጅ ይህን መስፈርት ማሟላት አይችልም። አሠራሩ የተዘረጋው መጻሕፍትን ከመጥፋት ለመከላከል ነው፤ ጉዳቱ ግን የሚያርፈው በቤቱ መጽሐፍ በሌለው ልጅ ላይ ነው። የደመወዝተኛ ዋስ ማቅረብ የማይችሉ ተገልጋዮች በሌላ መንገድ እንዲስተናገዱ መጠየቅ ይችላሉ። ከትምህርት ቤቱ የሚሰጥ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከቀበሌ የሚጻፍ የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ ወይም የወላጅ መታወቂያ ቅጂና ፊርማ በየቦታው የሚሠራባቸው አማራጮች ናቸው። ወላጁ መጻፍ የማይችል ከሆነ በጣት አሻራው ይፈርማል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዋስ ልጅ አንድ መጽሐፍ ወስዶ ሲመልስ ሁለተኛውን እንዲወስድ ማድረግ የተለመደ ነው። የማጣቀሻ መጻሕፍት፣ እንደ መዝገበ ቃላትና ካርታ ያሉት፣ ከክፍሉ አይወጡም። ውሰቱ ለስንት ቀን እንደሆነ በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ወንዝ ሞልቶ ወይም መንገድ ተቆርጦ በቀኑ መመለስ ያልቻለ ተገልጋይ በስልክ ወይም በሰው መልእክት ካሳወቀ ቀኑ ይራዘምለታል ተብሎ ይጠበቃል። አንድ ትንሽ መጽሐፍ ለመመለስ ሲባል ሕፃን የሞላ ወንዝ እንዲሻገር ማድረግ በምንም መንገድ አይገባም።

መጽሐፍ በክረምት የሚጎዳው በእርጥበት፣ በሻጋታና በምስጥ ነው። የተዋሰ መጽሐፍ በፌስታል ተጠቅልሎ ይጓጓዛል፤ በቤት ውስጥም ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከምድጃ ጭስና ጣሪያ ከሚያፈስበት ቦታ ርቆ ይቀመጣል። ከረጠበ እሳት ላይ አይሞቅም፤ ፀሐይ ላይም አይሰጣም፤ ወረቀቱ ይጣመማል፣ ሙጫውም ይለቃል። በየቅጠሉ መካከል ንጹሕ ደረቅ ወረቀት እየገባ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ይደርቃል። መጽሐፉ ከተበላሸ ሳይደብቁ መመለስ ይሻላል። የተቀደደ መጽሐፍ ይጠገናል፤ ካሳ ፈርቶ የቀረ አንባቢ ግን አይመለስም። የጠፋ መጽሐፍ እንዴት እንደሚተካ በየቤተ መጻሕፍቱ መመሪያ ስለሚወሰን፣ ተገልጋዩ ከመዋሱ በፊት ይህን ጠይቆ ማወቅ አለበት።

የማጠናከሪያ ትምህርትና የሕፃናት ንባብ

በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ትውልድ አካባቢያቸው የሚመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በዕረፍት ላይ ያሉ መምህራን በቤተ መጻሕፍት የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። ትምህርቱ በነፃ ነው። ምዝገባው ሰኔ መጨረሻ ላይ ስለሚጀመር ወላጆች የመማሪያ ቀኑንና ሰዓቱን ከቤተ መጻሕፍቱ ወይም ከቀበሌው ወጣቶች ጉዳይ ክፍል ማረጋገጥ ይገባቸዋል። ለማስተማር የሚፈልጉም እዚያው ይመዘገባሉ፤ ሕፃናትን የሚያስተምር በጎ ፈቃደኛ ማንነቱ በቀበሌው የታወቀ ሊሆን፣ ትምህርቱም በሩ በተከፈተ ክፍል ሊሰጥ ይገባል።

ለታናናሾቹ ሕፃናት የሚዘጋጀው ተረት የማንበብ ሰዓት ነው። በክልሉ የሥራ ቋንቋ ወይም በአካባቢው የአፍ መፍቻ ቋንቋ የተዘጋጁ መጻሕፍት መኖራቸውን መጠየቅ ተገቢ ነው። መጽሐፍ ከሌለ የአካባቢው ሽማግሌዎች ተረት እንዲነግሩ ይጋበዛሉ፤ ልጆቹም የሰሙትን ይጽፋሉ። በዚህ መንገድ የተጻፈው ደብተር በመደርደሪያው ላይ ቢቀመጥ ከማናቸውም ግዢ መጽሐፍ ባላነሰ ይነበባል።

ኮምፒውተርና ኢንተርኔት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በተለይም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር መፈተን በመጀመሩ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ የገጠር ተማሪ ለፈተናው በትምህርት ብቻ ሳይሆን በመሣሪያውም መዘጋጀት ይኖርበታል። ማውዝ ማንቀሳቀስ፣ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ መሻገርና የመረጡትን መልስ መቀየር በጥቂት ቀናት ልምምድ የሚገኙ ችሎታዎች ናቸው። ኮምፒውተር ያለው ቤተ መጻሕፍት ለእነዚህ ተማሪዎች ቅድሚያ ሰጥቶ በተራ ሊያስጠቅማቸው ይገባል። የመብራት መቋረጥ ስለሚያጋጥም ተራው የሚያዘው በሰዓት ሳይሆን በቀን ቢሆን ተማሪው ሩቅ መንገድ ተጉዞ ባዶውን አይመለስም።

ፈተናውን የወሰዱ ተማሪዎች ውጤታቸውን ለማየትና የዩኒቨርሲቲ ምርጫቸውን ለመሙላት በቤተ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት መጠቀም ይችላሉ። የይለፍ ቃልን ለሌላ ሰው መስጠት፣ ባለሙያው ራሱ እንዲመርጥላቸው ማድረግና ገጹን ሳይዘጉ መነሣት ተማሪዎችን ላልፈለጉት ምርጫ ሊዳርጉ ስለሚችሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ለጎልማሶችና ርቀው ለሚኖሩ

ጎልማሶች ወደ ወረዳ ከተማ የሚመጡት ባብዛኛው በገበያ ቀን ነው። በዚህ ቀን የመንግሥት ቅጾችን የማስሞላት፣ ደብዳቤ የማስነበብና በእርሻ፣ በእንስሳት ጤናና በእናቶች ጤና ላይ የተዘጋጁ በራሪ ጽሑፎችን ጮክ ብሎ የማስነበብ አገልግሎት ይሰጣል። ለምሳሌ በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ ተምች በበቆሎ ላይ ሲታይ እንዴት እንደሚለይ የሚያሳይ ሥዕላዊ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል አርሶ አደርም ይጠቅማል፤ ስለ ኬሚካል አጠቃቀሙ ግን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ አለበት። ማየት ለተሳናቸው ተገልጋዮች አንባቢ እንዲመደብ አስቀድሞ ማሳወቅ ይበቃል።

ከቤተ መጻሕፍቱ ርቀው ለሚገኙ መንደሮች መጻሕፍት በሣጥን ተሞልተው ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ለአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማእከል ወይም ለትምህርት ቤት በኃላፊ ፊርማ ሊሰጡ ይችላሉ። የዚህ ዓይነቱ አሠራር በአገሪቱ እንግዳ አይደለም፤ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ በሐዋሳ አካባቢ በአህያ ጋሪ የሚጓዝ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሥራ ላይ አውሎ ነበር። ጥያቄው የሚቀርበው በቀበሌው አማካይነት ሲሆን፣ ሣጥኑን የሚረከበው ሰው ስም፣ የሚቀመጥበት ደረቅ ክፍልና የመመለሻው ቀን በማመልከቻው ላይ ሊገለጹ ይገባል።

አቤቱታ

ቤተ መጻሕፍቱ በተለጠፈው ሰዓት ዝግ ሆኖ ከተገኘ፣ ተገልጋይ ያለ በቂ ምክንያት ከተመለሰ ወይም በነፃ ለሚሰጥ አገልግሎት ገንዘብ ከተጠየቀ፣ አቤቱታው በቅድሚያ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍቱን ለሚያስተዳድረው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። መፍትሔ ካልተገኘ ለወረዳው አስተዳደር ቅሬታ ሰሚ አካል ማመልከት ይቻላል። በማመልከቻው ላይ ቀኑንና ሰዓቱን መጥቀስ ይጠቅማል። በጽሑፍ ማቅረብ የማይችል ሰው በቃል ሊያስረዳ ይችላል፤ ተቀባዩ ሠራተኛ ቃሉን መዝግቦ ካነበበለት በኋላ ያስፈርመዋል።

በክረምት የተዋሱ መጻሕፍት የትምህርት ቤት ምዝገባ ከመጠናቀቁ በፊት ቢመለሱ፣ በመስከረም ለሚመጡ ተማሪዎች ይደርሳሉ። በዚያው ቀን የውሰት ካርዱን ማሳደስ ይቻላል።