ከትምህርት ቤት እስከ ኤምባሲ፦ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ብዕርና ለአዊ የሚኖረው ትርጉም

መግቢያ

ዛሬ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የምትገኘው ዳንግላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዲፕሎማሲ ከተማ ነበረች። ብሪታንያ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስላዋን ያኖረችው እዚያ ነው። ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በቆንስልነት ተቀምጦ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ አነሳ፤ ያየውንም በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። ሥራውን በጀመረበት በ1925 ብሪታንያና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በጣና ውኃና በባቡር ሐዲድ ጉዳይ ደብዳቤ ተለዋወጡ። በዓመቱ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ለመንግሥታት ማኅበር ያቀረቡት የተቃውሞ ጽሑፍ ሁለቱ ኃያላን ውላቸው የኢትዮጵያን መብት እንደማይነካ እንዲያስታውቁ አስገደዳቸው።

ጦር ሳይዘምት ጽሑፍ ብቻውን አገር የጠበቀበት ጊዜ ነበርና ብዕሩን የሚይዙት እነማን እንደነበሩ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ የውጭ ቋንቋ የተማሩ ጥቂት ወንዶች ነበሩ። ወደዚህ ክበብ ቀድመው ከገቡት ሴቶች አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ወይዘሮ ስንዱ ወገንን ለማበርታት የጻፉትና አገርን ለመወከል የሠሩት በአንድ ሙያ ውስጥ የሚገናኙ ናቸው፤ ሁለቱንም ያጸናቸው ደግሞ ትምህርት ቤት ነው።

የሕይወት ጉዞ

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩና እ.ኤ.አ. በ1919 ከደጃዝማች ናደውና ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር ወደ አሜሪካ የተላኩ መልእክተኛ ነበሩ። ልጃቸውም በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተምረው ተመለሱ። ወራሪው የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ በምዕራብ ኢትዮጵያ ወደምትገኘው ጎሬ ወርደው ከጥቁር አንበሳ የአርበኞች ጦር ጋር የቁስለኞች መርጃ አደራጁ። ተማርከው፣ ጠላት በአዲስ አበባ ከፈጸመው ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ወደ ኢጣሊያ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ።

ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። ለተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ መድረክ ላይ አወጡ፤ በ1942 ዓ.ም. ግጥምና ተውኔት የያዘውን «የልቤ መጽሐፍ» አሳተሙ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሲሰጥ በአዲስ አበባ ተወዳድረው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ፤ ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት። ቀጥሎ በምዕራብ ጀርመን የኢትዮጵያ ኤምባሲ በአታሼነት አገለገሉ። በ2001 ዓ.ም. አረፉ።

ብዕሩ ለማን ነበር?

አበረታች ጽሑፍ በዘመኑ ሌላም መልክ ነበረው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ (የቀድሞው ራስ ተፈሪ) ከስደት በጎጃም በኩል ሲመለሱ፣ ጆርጅ ስቲር የሚመራው የብሪታንያ ጦር የፕሮፓጋንዳ ክፍል አዋጆችንና «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ ያሰራጭ ነበር፤ ዓላማውም አርበኛውን ማጽናት፣ ለጠላት ያደረውን ማስከዳት ነው። በዚያው ዓመት በየካቲት ጠላት ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ወጣ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሮማነወርቅ ካሣሁን በሬዲዮና እንደ «ትዳር በዘዴ» ባሉ የምክር መጻሕፍት የቤቱን ሕይወት የሚያቀና ጽሑፍ አቀረቡ።

የወይዘሮ ስንዱ አቀራረብ ከሁለቱም ይለያል። የጦር ሜዳው ወረቀት ድሉ ሲገኝ አገልግሎቱ ያበቃል፤ የምክር መጽሐፍ አንባቢዋን ለብቻዋ ያገኛታል። የትምህርት ቤት ተውኔት ግን ተማሪዋን ራሷን ተናጋሪ ያደርጋታል። ቃሉን በቃሏ ትይዘዋለች፣ በሰው ፊት ቆማ ትናገረዋለች፣ የተመልካቹን ፊት ታነባለች። ዲፕሎማትም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የራሱ ባልሆነ ቃል፣ ሊታዘዘው ግዴታ በሌለበት አድማጭ ፊት፣ የላከውን ወገን ይወክላል። ስለዚህ ከመነን ትምህርት ቤት እስከ ኤምባሲው ያለው መንገድ የሥራ ለውጥ ቢመስልም፣ በይዘቱ የአንድ ሙያ እድገት ነው።

ተመሳሳይ መስመር በኋለኛው ትውልድም ይታያል። ሣህለወርቅ ዘውዴ ወደ ውጭ ጉዳይ ከመሻገራቸው በፊት የትምህርት ሚኒስቴር የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበሩ፤ ከዚያ በሴኔጋል፣ በጅቡቲና በፈረንሳይ አምባሳደር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በናይሮቢ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤትን ለመምራት በቁ፤ በ2018 ደግሞ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ወሰኑ

ይህን ታሪክ የጥረት ፍሬ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ግን ስሕተት ነው። ወይዘሮ ስንዱ የመልእክተኛ ልጅ ነበሩ፤ የመጀመሪያዋ ሴት አምባሳደር ዮዲት እምሩም የመስፍኑ የራስ እምሩ ልጅ ናቸው። ቺዝማን በዳንግላ ተቀምጦ ሪፖርቱን ሲጽፍ በዙሪያው ያደገችው የአገው ልጅ ብርታት አላነሳትም፤ ያነሳት ወደ ጽሕፈት የሚያደርስ በር ነው። «ከጣርሽ ይሳካልሻል» የሚለው የዘመናችን አበረታች ጽሑፍ ይህን በር ሳይጠቅስ ያልፋል። ውጤቱም በሩን ያላገኘችዋን ጥፋተኛ ማድረግ ነው። ወይዘሮ ስንዱ በአንጻሩ ሲያበረታቱ በእጃቸው ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ ቃላቸውን ወንበር፣ መጽሐፍና መድረክ ይከተለው ነበር።

ለአዊ የሚኖረው ትርጉም

ዛሬ የአገው ሕዝብ በሚኖርበት በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ሁኔታው ተለውጧል። ሕፃናት በአንደኛ ደረጃ በአካባቢው ቋንቋ በአውንጊ ይማራሉ፤ እንጅባራ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ለውጭው ዓለም የሚነገር ጉዳይም ሞልቷል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ የዘንገና ሐይቅና የአካባቢው ደን ለባህል ዲፕሎማሲ የሚበቁ ናቸው። የጎደለው በአውንጊ የሰማችውን በአማርኛ አደራጅታ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ለማያውቀው አድማጭ የምታቀርብ ባለሙያ በብዛት ማፍራት ነው።

ከወይዘሮ ስንዱ ሥራ የሚወሰደው ዘዴም ግልጽ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሴት ተማሪዎች ጽፈው የሚያቀርቡበት ቋሚ መድረክ ይኑር፤ ዩኒቨርሲቲው የሦስት ቋንቋ የጽሕፈትና የትርጉም ሥልጠና ይክፈት፤ የፈረሰኞቹን በዓል የሚያስተዋውቀውን ጽሑፍ ለእነዚሁ ሠልጣኞች ያስረክብ። አበረታች ቃል በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ተግባር ይሆናል። ከዚህ ውጪ የሚቀርብ ማበረታቻ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የአካባቢውን ጉዳይ ለቀጣዩ ቺዝማን ብዕር ትቶ ያልፋል።