የብሌዝ ስታር ዜና መዋዕል

የነገሥታትንና የመኳንንትን ሥራ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። እኛ በዚህ ክፍል የምንጽፈው ዘውድ ያልጫነች፣ ጦር ያልመራች፣ በምሽት መድረክ ላይ እየጨፈረች እንጀራዋን የበላች የአንዲት አሜሪካዊት ሴት ታሪክ ነው። ዓመታቱንም በአገሯ ልማድ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር እንቈጥራለን።

ኸርበርት ሁቨር የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በነበረበት፣ ሥራ ጠፍቶ ባንኮች በተዘጉበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም. ኤፕሪል 10፣ በዕለተ እሑድ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል ዊልሰንዴል በምትባል ስፍራ አንዲት ልጅ ተወለደች። ስሟንም ፋኒ ቤል ፍሌሚንግ አሏት። ለወላጆቿ ከ11 ልጆች አንዷ ነበረች። ያ አገር የከሰል ድንጋይና የደን አገር ነው፤ ሀብቱ በባቡር ተጭኖ ሲወጣ ድህነቱ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ይቀራል። ያደገችውም በዚህ ድህነት ነው።

ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ከቤቷ ወጥታ ወደ ዋሽንግተን ከተማ ሄደች። በዚያም ዶናት ቤት ተቀጥራ ስታስተናግድ፣ ከጭፈራ ቤት ሰዎች አንዱ አያትና መልኳ ለመድረክ የተፈጠረ መሆኑን ነገራት። እርሷም ጊታር መምታት ታውቅ ነበርና ዘፋኝ የምትሆን መሰላት። ሰውየው ግን ልብስ እያወለቁ ወደ መጨፈሩ ሥራ አስገባት፤ ስሟንም ለውጦ ብሌዝ ስታር አላት፤ ይህም የነበልባል ኮከብ እንደ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ልጅ ነበረች። ይህን አስረግጠን የምንጽፈው፣ ስለ ቀይ ጠጕሯና ስለ ደረቷ የሚያወራ ሁሉ ልጅነቷን ስለሚረሳው ነው።

በ1950 ዓ.ም.፣ በሃሪ ትሩማን ዘመን፣ ወደ ባልቲሞር ገባች። ባልቲሞር በዚያን ጊዜ የወደብና የብረት ፋብሪካ ከተማ ነበረች። በምሥራቅ ባልቲሞር ጎዳና ላይ «ዘ ብሎክ» የሚባል ሰፈር አለ፤ ያኔ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ፣ መርከበኛውና የፋብሪካው ሠራተኛ ደመወዙን ይዞ የሚወርድበት ሰፈር ነበር። የከተማው ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ከዚያው ከሰፈሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ ጭፈራው አልቆመም። ከዚያ ሰፈር ቤቶች አንዱ ቱ ኦክሎክ ክለብ ይባል ነበር። ብሌዝ በዚያ ጨፈረች፤ የቤቱም ዋና ጨፋሪ ሆነች፤ ኋላም ቤቱን ራሷ ገዛችው።

እዚህ ላይ በርሌስክ የሚሉትን ሥራ ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። ቀድሞ የቀልድ፣ የዘፈንና የጭፈራ ድብልቅ ትዕይንት ነበረ። በ1937 ዓ.ም. የኒው ዮርኩ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ በከተማው ያሉትን የበርሌስክ ቤቶች ፈቃድ ነሥቶ አዘጋቸው፤ በሌሎች ከተሞች ግን ሥራው ቀጠለ። ልብስ ማውለቅ ምን ጥበብ አለው የሚል ሰው ይሳሳታል። አንዲት የሠለጠነች ጨፋሪ ከክንዷ ላይ አንድ ረጅም ጓንት ለማውጣት የዘፈኑን እኩሌታ ትፈጃለች፤ ጣት በጣት እየለቀቀች፣ መልሳ እያስገባች። ከበሮ መቺው ዓይኑን ከወገቧ አይነቅልም፤ እርሷ ስትቆም ይቆማል፣ ስትነቃነቅ ይመታል። በዚያን ጊዜ ሕጉ ፈጽሞ ዕርቃን መሆንን ይከለክል ስለ ነበር፣ ታዳሚው ሊያይ የመጣውን ሳያይ ረክቶ እንዲሄድ ማድረግ የእርሷ ፈንታ ነበር።

ብሌዝም በዚህ ላይ የራሷን ብልሃት ጨመረች። ከብልሃቶቿ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የሶፋው ጨዋታ ነው። ልብሷን አውልቃ ስታበቃ ሶፋ ላይ ጋደም ትላለች፤ ሰውነቷ በስሜት እንደ ጋለ ሆና ትንፈራገጣለች። ወዲያው ከሶፋው ጭስ ይወጣል። ቀጥሎ የተሸሸገ ቬንቲላተር ቀይ የሐር ጨርቅ ሽቅብ ያራግባል፤ መብራትም ሲበራበት ሶፋው በነበልባል የተያያዘ ይመስላል። ታዳሚው በሳቅ ይፈነዳል። እርሷ የፈለገችውም ሳቁን ነበር። በሌላ ጊዜ ደግሞ የልብሷን ማሰሪያ በጥርሱ እየሳበ የሚፈታ ጥቁር ግሥላ አሠልጥና መድረክ ላይ አወጣች። በአገራችን ለምዱ ለጀግና ትከሻ ይሰጥ የነበረው ግሥላ በባልቲሞር የሴት ልብስ ፈቺ ሆነ፤ ለማንበብ የሚያስደንቅ ቢሆንም ይህ የሆነ ነገር ነው። የምትጨፍርበትንም ልብስ ራሷ ትሰፋው ነበር። እኛም ከዝናዋ ሁሉ አስበልጠን የምንወደው ይህን ነው፤ ሌሊት የሚያበራው ልብስ ቀን በገዛ እጇ የተሰፋ ነበርና።

በ1954 ዓ.ም. ኤስኳየር መጽሔት ስለ ባልቲሞር ጨፋሪዎች ጽፎ ስሟን በአገሩ ሁሉ አሰማ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ፎቶ አንሺዋ ዳያን አርበስ እስከ መኖሪያ ቤቷ ሄዳ አነሣቻት።

አሁን ስለ ወዳጇ፣ ስለ አገረ ገዥው እንጻፍ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ እርሱ ነውና። ኧርል ሎንግ በሉዊዚያና ሦስት ጊዜ የገዛ፣ በ1935 ዓ.ም. በጥይት የተገደለው የሂዩይ ሎንግ ወንድም ነው። ብሌዝን ያገኛት በኒው ኦርሊንስ፣ በርበን ጎዳና ላይ፣ ሾ ባር በሚባል ቤት ስትጨፍር ነው። እርሱ ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር፤ እርሷ ሠላሳ አልሞላትም። ሚስትም ነበረችው፤ ይህን አንሸፋፍንም።

በ1959 ዓ.ም. በሜይ ወር፣ የነጮችን የበላይነት የሚያጠብቁ ሹማምንት ጥቁሮችን ከመራጮች መዝገብ ለመሰረዝ በተነሡ ጊዜ፣ ኧርል በምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ተቃወማቸው። ስድብም ጩኸትም ቀላቀለበት፤ ንግግሩም መረን ወጣ። ሚስቱና ቤተ ዘመዶቹም አእምሮው ታውኳል ብለው በአውሮፕላን ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ጋልቬስተን ሆስፒታል ወሰዱት። በኋላም በራሱ ግዛት በማንዴቪል ባለው የአእምሮ ሆስፒታል ዘጉበት። እርሱ ግን በሆስፒታሉ ውስጥ ሆኖም ሥልጣኑ አልተነሣም ነበርና፣ የሆስፒታሎቹን የበላይ ኃላፊ አሽሮ በምትኩ ሌላ አሾመ፤ በጁን 26ም ነፃ ወጣ። ጋዜጦች የእብደቱን ወሬና የጨፋሪቱን ስም አንድ ላይ እየጻፉ ዓመቱን ጨረሱት፤ የጥቁሮቹን የምርጫ መብት ነገር ግን በጥቂት መስመር አለፉት። ይህ ያሳዝነናል።

ኧርል ከሚስቱ ሳይፋታ ተለያይቶ ኖረ። በኦገስት 1960 ዓ.ም. ለኮንግረስ እንዲወዳደር በፓርቲው ምርጫ አሸነፈ፤ ዘጠኝ ቀን ቆይቶም በሴፕቴምበር 5፣ በዕለተ ሰኞ፣ ሞተ። ብሌዝ ወደ መድረኳ ተመለሰች።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት ባጭሩ እናልፋቸዋለን። በ1962 ዓ.ም. ፊልም ሠራች። ቀድሞ የጭፈራ ቤት ባለቤት አግብታ ነበር፤ ከእርሱም ተፋታች፤ ልጅ አልወለደችም። በ1974 ዓ.ም. ከደራሲው ከሂዩይ ፔሪ ጋር የሕይወቷን ታሪክ አሳተመች፤ በ1989 ዓ.ም. ፖል ኒውማን ኧርል ሎንግን ሆኖ የሠራበት ፊልም ከዚያ መጽሐፍ ወጣ። እርሷም በትንሽ ክፍል ታየችበት፤ ከትርፉም ድርሻ ተቈረጠላት። ዘ ብሎክ ግን ተለወጠ። የወሲብ ፊልምና ራቁት ገላ በየቤቱ ሲሸጥ፣ ጓንት ለማውለቅ የዘፈን እኩሌታ የሚታገሥ ታዳሚ አልተገኘም። ጥበቧን ይዛ በ1980ዎቹ ከመድረክ ወረደች።

እጇ ግን ሥራ አልፈታም። የዕንቍ ድንጋዮችን ማወቅና ጌጣጌጥ መሥራት ተማረች። ከባልቲሞር ወጣ ብላ ባለችው በኤልደርስበርግ፣ ካሮልታውን በሚባል የገበያ አዳራሽ፣ የገና ሰሞን ጠረጴዛ ዘርግታ የገዛ እጇን ሥራ ትሸጥ ነበር። ለልጃቸው የጆሮ ጌጥ ሊገዙ የመጡ እናቶች ከፊቷ ይቆማሉ፤ እርሷም ድንጋዩን አንሥታ ወደ ብርሃን ትመልሰዋለች። በወጣትነታቸው መድረክ ሥር ተቀምጠው ያዩአት ሰዎችም ሸምግለው ይመጡ ነበር።

ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት በነበረበት በ2015 ዓ.ም. ጁን 15፣ በዕለተ ሰኞ፣ በተወለደችበት በዌስት ቨርጂኒያ፣ ከልጅነቷ ሸለቆ ሳትርቅ ዐረፈች። ዕድሜዋም 83 ዓመት ነበረ።