በቴምዝ ዳር ያለው ቤትና ባለቤቶቹ

ዛሬ ስለ አንድ ቤት እናውጋ። ከለንደን በስተ ምዕራብ፣ ከቴምዝ ወንዝ በላይ ባለ ከፍታ ላይ ክሊቭደን የሚባል ታላቅ ቤት አለ። አሁን ሆቴል ነው፤ መክፈል የቻለ ሁሉ ያድርበታል። ባለቤቶቹ ሲፈራረቁበት ግን ብዙ ታይቶበታል። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

መጀመሪያ ያሠራው የባኪንግሃም መስፍን ጆርጅ ቪልየርስ ነው። ይህ ሰው በ1668 በውሽማው ምክንያት ከባሏ ጋር በሰይፍ ተጋጥሞ አቆሰለው፤ ባልየውም ከሁለት ወር በኋላ ሞተ። ቤቱ በ1795 ተቃጠለ፤ ዳግመኛ ተሠርቶ በ1849 እንደ ገና ተቃጠለ። ዛሬ የሚታየውን ሕንፃ የነደፈው የእንግሊዝን ምክር ቤት የነደፈው ቻርልስ ባሪ ነው።

በ1893 አሜሪካዊው ባለጸጋ ዊልያም ዋልዶርፍ አስተር ገዛውና በ1906 ለልጁ የሠርግ ስጦታ አደረገው። ምራቱ ናንሲ በ1919 በእንግሊዝ ምክር ቤት የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1942 ቤተሰቡ ቤቱን ለብሔራዊ ቅርስ ጠባቂ ማኅበር አስረከበ፤ ለማስጠበቂያም 250 ሺህ ፓውንድ ጨመረበት። ከዚያም በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት እዚያው ኖሩበት።

ሰው ክሊቭደንን የሚያስታውሰው በመዋኛ ገንዳው ነው። በ1961 የጦር ሚኒስትሩ ጆን ፕሮፊዩሞ ክሪስቲን ኪለር የተባለችውን ወጣት እዚያ አገኛት። ኋላ ስለ ግንኙነታቸው ለምክር ቤቱ ዋሸ፤ በ1963 እውነቱ ሲወጣ ሥልጣኑን ለቀቀ። ወሬው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኛ ግን እንቀጥል። ሰውየው በምሥራቅ ለንደን ድኾችን ወደሚረዳው ቶይንቢ ሆል ሄዶ ያለ ደመወዝ ማገልገል ጀመረ፤ ለዐሥርተ ዓመታትም አልተለየውም። ይህን የሚያወራ ጥቂት ነው።

ቤቱ በ1985 ሆቴል ሆነ። እኛን ይበልጥ የሚስበን ግን ከገንዳው ይልቅ የአትክልቱ ስፍራ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር አስተሮች ግቢያቸውን ለቁስለኞች ሰጡ፤ ጣሪያ ያለው የቴኒስ ሜዳቸው የካናዳ ቀይ መስቀል ሆስፒታል ሆነ። ከቁስላቸው ሳይድኑ የቀሩት ወታደሮች በጣሊያን አምሳል በተሠራው አትክልት ውስጥ ተቀብረዋል። በመቃብሮቹ ራስጌ እጆቿን የዘረጋች የነሐስ ሴት ቆማለች፤ ፊቷ በናንሲ አምሳል ተቀርጿል ይባላል።