የሰሜን ተራሮች ደጅ፦ የደባርቅ ከተማና የእግር ጉዞ ሥራ ሥርዓት

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት የደጋ ከተማ ናት። ወደ ፓርኩ በዋናው መንገድ የሚገባ ጎብኚ የሚመዘገበው፣ ክፍያውን የሚፈጽመውና አብረውት የሚሄዱትን ሰዎች የሚያገኘው በዚህች ከተማ ነው፤ ሊያየው የመጣው ገደል፣ ዋልያና ጭላዳ ግን ያሉት ከከተማዋ ወጥቶ በሚያልፍበት ሌላ ምድር ነው። ስለዚህ ደባርቅ የመዝናኛው ስፍራ ሳትሆን ደጁ ናት። ደጅ ደግሞ የሚገባው ሰው ቆሞ ካልጠየቀበት ለባለቤቱ የሚያስገኝለት ጥቅም የለም። ይህ መጣጥፍ የሚያቀርበው ሐሳብም ከዚሁ የሚነሣ ነው፤ ተራራውን ወደ ከተማዋ እንጀራ የለወጠው የመልክዓ ምድሩ ውበት ብቻውን ሳይሆን፣ አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩና ባለ በቅሎው ሥራ የሚከፋፈሉበት «ተራ» የሚባለው ሥርዓት ነው፤ የዚህ ሥርዓት ጥንካሬና ድክመትም የከተማዋን ዕጣ ከማንኛውም የማስታወቂያ ሥራ በላይ ይወስናል።

«መዝናኛ» የሚለው ቃል በአማርኛ ያለው ትርጉም እዚህ ላይ መታየት ይኖርበታል። ቃሉ በከተሜው አነጋገር ብዙ ጊዜ ጣሪያ ያለውን ቦታ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሻይ የሚጠጡበትን ክበብ፣ ወይም ሙዚቃ የሚሰማበትን አዳራሽ ያስታውሳል፤ ከቤት ወጥቶ ንፋስ መቀበልን የሚገልጸው «ሽርሽር» ደግሞ አጭርና ቀላል መውጣትን እንጂ ለቀናት ድንኳን እየተከሉ ተራራ ለተራራ መሄድን አያመለክትም። ደጋው ሰው ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄድ የነበረው ለገበያ፣ ለንግሥ፣ ለሱባኤ፣ ለሙግት ወይም ለዘመቻ ስለሆነ፣ ያለ ጉዳይ ለመሄድ ብቻ የሚደረግ ጉዞ የቆየ ስም አልነበረውም። የደባርቅ አስጎብኚዎች ይህንን ክፍተት «ትሬኪንግ» በሚለው የውሰት ቃል ሞልተውታል፤ ቃሉም በከተማዋ መንገድ ላይ እንደ «መኪና» እና «ሆቴል» ሁሉ የተለመደ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ «የእግር ጉዞ» ሲባል ይኸው ማለት ነው።

ተራራው ራሱ ከዚህ በፊት ሌላ ትርጉም ነበረው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ አፄ ሠርፀ ድንግልና አፄ ሱስንዮስ በቤተ እስራኤል መሪዎች ላይ በዘመቱ ጊዜ የሰሜን አምባዎች ምሽግ ነበሩ፤ አምባ ማለት ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ፣ በጥቂት ሰው ሊጠበቅ የሚችል ተራራ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመትም ደጃዝማች ውቤ በነዚሁ ተራሮች ጉያ ደረስጌ ማርያምን አሠርተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1855 ውቤ ድል ከሆኑ በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። በገደሉ ዓይን የሚማረክበት ዘመን የመጣው ቀስ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አገሩን ያየው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ፤ የቀይ ቀበሮም ሳይንሳዊ መጠሪያ «ሲሜንሲስ»፣ ትርጉሙም «የሰሜን» ሆኖ ቀረ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው መሬት በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሰሜንና ላሊበላ አብረው ተመዘገቡ። የፓርኩ ወሰን በኋላ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፍቷል። ምሽግ የነበረው ቅርስ ሲሆን መሬቱ ቦታውን አልለቀቀም፤ በመሬቱ ላይ ለመግባት፣ ለማረስና ለማሰማራት ፈቃድ የሚሰጠው አካል ግን ተለወጠ።

ጎብኚውን የሚስበው ነገር ከጂኦሎጂ ይጀምራል። ተራራው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ደጋግሞ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ እየተነባበረ የሠራው ክምር ነው፤ ውሃ ከሰሜን በኩል እየገዘገዘ ሲቆርሰው እስከ 1,500 ሜትር የሚወርድ ገደል ተፈጠረ። መንገደኛው ከሳንቃ በር ካምፕ (3,250 ሜትር) ተነሥቶ የጅንባርን ፏፏቴ በጎን እያየ ወደ ግጭ (3,600 ሜትር) ሲወጣ፣ የውጨናው ጫካ እየሳሳ፣ አሜጃው እየቀረ፣ ጓሳ ሣር የሸፈነው ሜዳና በላዩ እንደ ዘብ የቆመው ጅብራ ይተካል፤ ጅብራ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ ሊረዝም የሚችል የውርጭ አገር ተክል ነው። ከግጭ ወደ እመት ጎጎ አፋፍ የወጣ ሰው ከእግሩ በታች ያለውን ቆላ እንደ ካርታ ተዘርግቶ ያየዋል። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በሌላ የምድር ክፍል የማይገኝ ብርቅዬ እንስሳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚታየውም በጨነቅ አካባቢ ባሉት ገደሎች ነው። ጭላዳው ግን ፍለጋ አያስፈልገውም፤ ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ ሣር እየነጨ የሚኖር እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ በሜዳው ላይ ተቀምጦ ሲነጭ ይገኛል። ከጨነቅ ወዲያ ብዋሂትን ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ፣ እንደገና በአምቢቆ በኩል ወጥቶ ራስ ደጀን ይደረሳል። የዚህ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ ቁመት በመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ 4,620 ሜትር እየተባለ ቢጻፍም፣ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ወደ 4,550 ሜትር ገደማ ያወርዱታል፤ ስሙንም «ዳሸን» ብሎ መጻፍ የውጭ አጻጻፍ ያመጣው ልማድ ነውና፣ ባላገሩ እንደሚለው «ደጀን» መባሉ ይሻላል።

የጉዞው ሥርዓት የሚሠራው እንዲህ ነው። ጎብኚው በደባርቅ ጽሕፈት ቤት ከተመዘገበ በኋላ ስካውት ይመደብለታል፤ ስካውት ማለት ጠመንጃ ይዞ የሚሄድ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ተወላጅ የሆነና ዋና ሥራው ጥበቃ የሆነ ሰው ነው። አስጎብኚው ቋንቋ የሚያውቀውና ስለ እንስሳው፣ ስለ ተክሉና ስለ መንገዱ የሚያስረዳው ነው። ምግብ አብሳዩ በካምፑ ላይ የሚያበስል ሲሆን፣ ባለ በቅሎው ድንኳኑን፣ ስንቁንና የጎብኚውን ሻንጣ ጭኖ ቀድሞ ይደርሳል። እነዚህ ሰዎች በማኅበር የተደራጁ ናቸው፤ ሥራም የሚደርሳቸው በመዝገብ ላይ ባለው ቅደም ተከተል፣ ማለትም በተራ ነው። አንዱ ሄዶ ሲመለስ ስሙ ከመዝገቡ ግርጌ ይሰፍራል፤ ቀጣዩ ጎብኚ ለቀጣዩ ሰው ይሆናል።

ተራ ለደጋው ማኅበረሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። የመስኖ ውሃ በተራ ይለቀቃል፤ የማኅበር ጽዋ በተራ ይደገሳል፤ ዕቁብ በተራ ይወጣል። ደባርቅ ከውጭ የመጣውን የእግር ጉዞ ሥራ የተቀበለችው ይህን የቆየ የፍትሕ ስሜት አልብሳ ነው፤ ይህም ከፍ ያለ ዋጋ ሊሰጠው የሚገባ የማኅበራዊ ጥበብ ሥራ ነው። ያለ ተራ ቢሆን ኖሮ ገቢው ቋንቋ በቀደማቸው፣ ከጎንደር ሆቴሎች ጋር በተወዳጁና በአውቶቡስ መናኸሪያ ጎብኚ በሚቀበሉ ጥቂት ሰዎች እጅ ይከማች ነበር። በተራው ምክንያት ግን አንዲት በቅሎ ብቻ ያለው ገበሬም፣ ያችው በቅሎ ሙሽራ የምትጭን፣ ገብስ ወደ ገበያ የምታወርድና አንዳንድ ሳምንት የጎብኚ ድንኳን የምትሸከም ሆና፣ ከተራራው ድርሻ ያገኛል። መዝናኛው የገበሬውን ኑሮ ሳይተካው በጎኑ ገቢ ይጨምርለታል። ለገጠር ተራራማ ከተማ ከዚህ የተሻለ አገባብ ማግኘት ያስቸግራል።

ድክመቱ ከጥንካሬው ጋር የተጣበቀ ነው። ተራ እኩልነትን ይጠብቃል እንጂ ሙያን አይመርጥም፤ የወፎችን ስም በሁለት ቋንቋ የሚያውቀውና መንገዱን ብቻ የሚያውቀው አስጎብኚ በመዝገቡ ላይ እኩል ናቸው። የተመዘገበው ሰው በበዛ ቁጥርም የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል፤ ሥራው ወቅታዊ በመሆኑ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡና ጉሙ ገደሉን ስለሚሸፍኑት፣ የጉዞው ወራት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ በልግ መዳረሻ ባለው ጊዜ የተወሰኑ ናቸው። በዚህ አጭር ጊዜ ተራ ያልደረሰው ሰው እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል።

ከተማዋ ራሷ ከጉዞው የምታገኘው ጥቅም ጎብኚው በሚያድርባት ሌሊት ላይ የተመሠረተ ነው። እዚያ ለማደር የሕክምና ምክንያትም አለ፤ ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከዚያ በአንድ ቀን ተነሥቶ ከ3,200 ሜትር በላይ ወጥቶ የሚያድር ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የሚያስከትለው የከፍታ ሕመም ሊይዘው ይችላል። በደባርቅ አንድ ሌሊት ማደር ሰውነትን ለስስ አየር የሚያለማምድ እርከን ነው። ይህ ምክር በየሆቴሉና በየጉዞ ድርጅቱ በግልጽ ቢነገር ኖሮ ለጎብኚው ጤናም፣ ለከተማዋ ገቢም በጠቀመ ነበር። የሚታየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በፓርኩ ውስጥ አልፎ በጨነቅና በብዋሂት በኩል ወደ ጃናሞራ ወረዳ መቀመጫ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው መንገድ ከተሠራ ወዲህ፣ ሦስትና አራት ቀን በእግር ይደረስበት የነበረው ቦታ በመኪና የአንድ ቀን ጉዞ ሆኗል። ያ መንገድ ለጃናሞራ ሰው ሐኪም ቤትና ገበያ የሚደርስበት ሕይወቱ ስለሆነ መሠራቱን መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ሆኖም ለባለ በቅሎውና ለከተማዋ መኝታ ቤቶች ያመጣው ኪሳራ በሒሳብ ሊገባ ይገባል። ደባርቅ ከዚህ በፊትም መንገድ ያሳደጋት ከተማ ናት፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሊማሊሞን ቁልቁለት በጠመዝማዛ መንገድ ከቆረጠው ወዲህ፣ ወደ አዲ አርቃይና ወደ ሽሬ የሚወርደው ከባድ መኪና ማረፊያ ሆናለች።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የግጭ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 የዋልያ ቁጥር መቀነስን፣ የሰፈራና የግጦሽ መስፋፋትን ምክንያት አድርጎ ሰሜንን በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከመውጣቱ በፊት ከተፈጸሙት ነገሮች ዋናው፣ በከፍታው ሜዳ ላይ ገብስ እያረሱና ከብት እያሰማሩ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር 418 አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ዳርቻ መዛወራቸው ነው። ለጓሳው ሣርና ለዋልያው የግጦሹ መቆም እፎይታ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ካሳ በገንዘብ ሲሰጥ ለመሬት እንጂ ለሙያ አይከፈልም፤ በ3,600 ሜትር ላይ ገብስ የማብቀል፣ በውርጭ በግ የማርባትና በጉም መንገድ የማግኘት ዕውቀት በከተማ ዳርቻ ገበያ የለውም። ይህ ዕውቀት ዋጋ የሚያገኝበት አንድ ሥራ ቢኖር እርሱ ራሱ የእግር ጉዞው ነው፤ የተፈናቀለው ሰው በተራው መዝገብ ላይ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባ ነበር ብሎ መከራከርም ለዚህ ነው የሚቻለው። ጎብኚ ግጭ ካምፕ ላይ ድንኳኑን ሲተክል የሚያየው ጸጥታ በሌላ ሰው መሄድ የተገኘ ነውና፣ የዚያ ጸጥታ ገቢ ወደ ሄደው ሰው መድረስ አለበት። ጥበቃና ፍትሕ እዚህ ላይ ካልተገናኙ፣ ተራራው በሚቀጥለው ቃጠሎ ከጎኑ ቆሞ እሳቱን የሚያጠፋለት ጎረቤት አያገኝም። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ፓርኩን ያቃጠለውን እሳት ለማጥፋት ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያዎችም ከእስራኤል የመጡ ቢሆንም፣ ቅጠል ይዞ ቀድሞ የደረሰው የአካባቢው ሕዝብ ነበር።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተከሰተው ጦርነትና እርሱን ተከትሎ የቀጠለው የሰላም እጦት የውጭ ጎብኚውን ሲያርቀው፣ የተራው ሥርዓት በአንድ ዓይነት ደንበኛ ላይ ብቻ የቆመ መሆኑ ተገለጠ። መዝገቡ የተዘጋጀው ከሩቅ አገር መጥቶ ለብዙ ቀናት ለሚሄድ፣ በድንኳን ለሚያድርና በቅሎ ለሚከራይ ሰው ነው። የሀገር ውስጥ ጎብኚ ግን ብዙውን ጊዜ በአውቶቡስ በቡድን መጥቶ፣ ገደሉን አይቶ፣ ጭላዳውን ፎቶ አንሥቶ በዚያው ቀን ይመለሳል፤ ስንቁን ከቤቱ ስለሚይዝም ምግብ አብሳይ አያስፈልገውም። ይህ ጎብኚ ለከተማዋ ትንሽ ነው ብሎ መናቅ ስሕተት ይሆናል፤ የጦርነት ወሬ ሲቆም ቀድሞ የሚመለሰው እርሱ ነውና። ለእርሱ የሚስማማ የግማሽ ቀን መንገድ፣ በአማርኛ የሚያስረዳ አስጎብኚ፣ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለቡድን የሚከፈል መጠነኛ ዋጋ፣ ከጉዞ መልስም በከተማዋ ውስጥ ትኩስ የገብስ ቂጣና ሻይ የሚገኝበት ቤት ያስፈልጉታል። የደባርቅ ልጆችም ከዚህ ስሌት ውጭ መሆን የለባቸውም። በገና ሰሞን በሜዳው ላይ ሩር የሚያሳድዱት ወጣቶች ከከተማቸው ወጣ ብሎ ያለውን ፓርክ የሚያውቁት ሌሎች ሊያዩት እንደሚመጡበት ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ነገ ስካውትና አስጎብኚ ሲሆኑ የሚጠብቁት የሌላ ሰው ንብረት ይመስላቸዋል። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ዝናቡ እንዳባራ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ አንድ ክፍል ተማሪ በተራ ወደ ሳንቃ በር ቢያወጡ፣ አብሯቸው የሚሄደው አስጎብኚም ስሙ በመዝገቡ ላይ እንደ ማንኛውም ጉዞ ቢቆጠርለት፣ ሥርዓቱ ከተማዋን ራሷን እንደ ጎብኚ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተናግድ ነበር።