ሌባው ወደ አሮጌው መኪና ሲዞር

የመኪና መቆለፊያ ታሪክ ዘወትር የሚጻፈው ስለ አዲስ መኪና ነው። ሆኖም አዲሱ በተጠበቀ ቁጥር ጉዳቱ ወደ አሮጌው ሲሸጋገር ታይቷል፤ ይህ ጽሑፍም የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካዲላክ ቻርልስ ኬተሪንግ የነደፈውን የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ በ1912 ለገበያ እስኪያቀርብ ድረስ ሞተር ማስነሣት የማኖቬላና የጉልበት ሥራ ነበር። በ1949 ክራይስለር ቁልፍ በማዞር ብቻ የሚነሣ መኪና ሲያወጣ ቁልፍ የባለቤትነት ማረጋገጫ መሰለ። በሙያ ዓይን ሲታይ ግን ያ ቁልፍ ማብሪያ እንጂ መቆለፊያ አልነበረም። ተግባሩ የባትሪውን ጅረት ለሞተሪኖውና ለቦቢናው ማድረስ ነበርና፣ ይህንኑ በቁራጭ ሽቦ መፈጸም ይቻል ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ምዕራብ ጀርመን መሪን የሚቆልፍ መሣሪያ በአዲሱም በአሮጌውም መኪና ላይ እንዲገጠም በሕግ አስገደደች። ስርቆቱ በግልጽ ቀነሰ። ብሪታንያ በበኩሏ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህንኑ መሣሪያ ያስገባችው በአዳዲስ መኪኖች ላይ ብቻ ነበር። ውጤቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በ1976 ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ይገኛል፤ ከ1969 እስከ 1973 በለንደን ከተሰረቁት መካከል የአዳዲሶቹ መኪኖች ድርሻ ከ20 በመቶ ገደማ ወደ 5 በመቶ ገደማ ሲወርድ፣ ሸክሙ በአሮጌዎቹ ላይ ወደቀ። ሌባው ሥራውን አልተወም፤ መኪናውን ለወጠ እንጂ።

ኤሌክትሮኒክስ ሲመጣም ነገሩ ያው ሆነ። ኢሞቢላይዘር የምንለው የሞተር ማገጃ በቁልፉ እጀታ ውስጥ የተቀበረ ባትሪ የሌለው ቺፕ አለው። ቺፑ ኃይሉን ከቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ካለ ጥቅል ሽቦ ተቀብሎ መለያ ቁጥሩን ይመልሳል፤ ቁጥሩ ካልተስማማ የሞተሩ ኮምፒዩተር ሥራ ይከለክላል። የአውሮፓ ኅብረት በ1998 ግዴታ ያደረገው ለአዳዲስ መኪኖች ነው። የምዕራብ አውስትራሊያ ግዛት ግን ከ1999 ጀምሮ አሮጌ መኪና ባለቤት ሲለውጥ ማገጃ እንዲገጠምለት ደነገገች፤ በእኔ አስተያየት ከብሪታንያው ልምድ በትክክል የተማረ ሕግ ቢኖር ይህ ነው።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏ ሲታሰብ፣ በመንገዳችን ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት እንደሚያገለግሉ መገመት አያዳግትም። ስለሆነም ገጠማው እንዴት ይሁን የሚለው ጥያቄ የእኛም ነው።

ካርቡራተር ያለው የ1970ዎቹ መኪና ኮምፒዩተር የለውም፤ የነዳጅ ፓምፑም በአብዛኛው በሞተሩ የሚነዳ ስለሆነ የሚቋረጥ የፓምፕ ጅረት አይገኝም። ስለዚህ የተገዛው ሣጥን የቱንም ያህል የረቀቀ ምስጢራዊ ቁጥር ቢይዝ፣ ትእዛዙን በመጨረሻ የሚፈጽመው ተራ ሪሌ ነው። ሪሌው ከቁልፉ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ሽቦ ብቻ ካቋረጠ፣ ከባትሪው በቀጥታ አዲስ ሽቦ የሚዘረጋ ሌባ ሣጥኑን ሳያየው ያልፈዋል። ስውር ማብሪያም ድክመቱ ይኸው ነው። ሞተሪኖውን ብቻ ማገድም አይበቃም፤ ቀላል መኪና ተገፍቶ እንደሚነሣ በክረምት ጧት ያልገፋ የለም።

የተሻለው ዘዴ ከቦቢናው ወደ ፑንቲናው የሚወርደውን ሽቦ ሪሌው ከማሳ ጋር እንዲያገናኘው ማድረግ ነው። ፑንቲናው ሲከፈት ጅረቱ ስለማይቋረጥ ካንዴላው ብልጭታ አያገኝም። የሪሌው ማግኔት ኃይሉን ከቦቢናው ፖዘቲቭ ከወሰደ ደግሞ፣ ሌባው የዘረጋው ሽቦ ራሱ ማገጃውን ይቀሰቅሳል። በዚህ አገጣጠም ባለቤቱ ሲነዳ ሪሌው ያለ ሥራ ስለሚያርፍ፣ ማግኔቱ ቢቃጠል እንኳ መኪናው ዳገት ላይ አይጠፋም፤ ሽቦ በማቋረጥ ብቻ የሚሠሩት ግን ይህ አደጋ አለባቸው። እርግጥ ቁልፉ በርቶ ማገጃው እንደያዘ ከቆየ ቦቢናው ይግላል። ሽቦው ከቀድሞዎቹ ጋር በአንድ ቀለም ተመርጦ በአንድ እሽግ ካልተጠቀለለ ደግሞ የሌባው ፒንሳ በቀላሉ ያገኘዋል። መጋጠሚያው በቆርቆሮ ይበየድ፤ በጣት ተጠምዝዞ በፕላስተር የታሰረ ሽቦ ከሌባው ቀድሞ ባለቤቱን መንገድ ላይ ያስቀራል።